ግማሹ ክኒን

ሰው ሁሉ እንፋሎት ይላታል። ስሙን ያወጣላት ምድር ቤት ማጠቢያ ማሽኖቹ ጋ የሚሠራው ሰውዬ ነው። እሷም ዝም አላለችውም፤ ሳሙና አለችው፤ ሁለቱም ስሞች እንደተለጠፉ ቀሩ። "ካውያው አንዴ ሲተነፍስ አንቺ ሁለቴ ትተነፍሻለሽ" ያላት ቀን ፎቁ በሳቅ ሞላ። አልተሳሳተም። ሸሚዝ ስትዘረጋ ኡፍ ትላለች፤ ተኩሳ አጣጥፋ ስታነሳውም ኡፍ ትላለች። ድካም ብቻ አይደለም፤ ኡፍ ካላለች ሥራው ያለቀ አይመስላትም።

ላውንደሪው ሁለት ፎቅ ነው። ታች ማሽኖቹ ሲያጓሩ ይውላሉ፤ ላይ መተኮሻው ነው። የላዩ መስኮቶች ዓመቱን ሙሉ እንዳላባቸው ነው፤ መንገዱን ማየት የፈለገ በእጅጌው ይጠርጋቸዋል። የሆቴል አንሶላ፣ የክሊኒክ ጋዋን፣ የሙሽራ ሙሉ ልብስ፣ የሞተ ሰው ልብስ ሳይቀር እዚህ ይመጣል። እሷ የገባችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ስድስተኛ ክፍል ላይ እናቷ ታመመችና ትንንሾቹን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ደብተሯን ዘጋች። "ለጊዜው ነው" ተብሎ ነበር። ጊዜው ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው።

መጀመሪያ የሰጧት ሥራ በየልብሱ ላይ ቁጥር በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ነበር። ካውያ ያስያዘቻት የፎቁ ኃላፊ ናት፤ ሁሉም እቴቴ የሚላት፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴትዮ። እቴቴ ብዙ አታስተምርም። "ስሚኝ" አለቻት በመጀመሪያው ቀን፤ "የማታውቂው ጨርቅ ሲመጣ እሳቱን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጊው። ከውስጥ በኩል፣ ከጫፉ ሞክሪ። ካቃጠልሽው ባለቤቱ የሚጮኸው አንቺ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ጩኸት አልወድም።" እንፋሎት ይህችን ነገር እንደ ጸሎት ያዘቻት። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ያቃጠለችው አንድ የሐር ሻርፕ ብቻ ነው፤ እሱንም ዛሬ ድረስ ስታስበው ፊቷ ይቀላል።

ልጇ አንድ ናት። አባቷ፣ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ገና በዳዴዋ ፌንጣ አላት። የተቀመጠችበት አትገኝም። ስምንት ዓመት ሲሞላት ከሠፈሩ አጥር ያልወጣችበት አልነበረም፤ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ ቤት ገብታ ሌላው የት እንደቀረ ስትጠየቅ ከልቧ ትደነግጣለች፤ ሦስት ወሬ በአንዴ ትጀምርና አንዱንም ሳትጨርስ ትሄዳለች። ሳቋ ግን! የሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ሆና ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ሳያውቀው አብሯት ፈገግ ይላል።

ደብተሯ ሌላ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር እንደ ጥልፍ ያማረ ነው። ሁለተኛው ላይ ፊደሎቹ መንጋደድ ይጀምራሉ። ሦስተኛው መሃል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው። እናቷ ደብተሩን ስታገላብጥ የምታየው ያንን ባዶውን ነው። ባዶ ገጽ ምን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ባሏም ያውቃል፤ እሱን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያባረሩት። ለዚህች ልጅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትምህርቷን እንዳትተው። ዶክተር ትሁን፣ ምን ትሁን ብላ አታውቅም። እንዳትተው ብቻ።

መምህሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። ሃምሳ ሦስት ልጅ ይዛ ድምጿ ዘግቶ የምትውል ወጣት ናት። በር ላይ ጠብቃ ነገረቻት። "እናቷ፣ እኔ ልጅቷን እወዳታለሁ፤ ግን ወንበሯ ላይ አምስት ደቂቃ አትቆይልኝም። ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ትጮሃለች። መልሱ ልክ ነው እኮ! ጻፊው ስላት ግን የለችም። ሐኪም ያሳዩዋት። ርእሰ መምህሩ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ስብሰባ ሊጠራ ነው። ካልተሻሻለች…" አልጨረሰችውም።

"ሐኪም?" አለች እንፋሎት። "አላመማትም እኮ።"

"ያሳዩዋት ግድ የለም።"

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘቻት ዶክተር ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በአንድ ቀን አላለቀም። ለእናቲቱ ቅጽ፣ ለመምህሯ ቅጽ ሰጠች፤ ጠየቀች፤ ደግማ ጠየቀች፤ ልጅቷን መዘነች፣ ቁመቷን ለካች፣ ልቧን አዳመጠች። በሦስተኛው ቀጠሮ ነገረቻት።

"እናት፣ ባለጌ ሆና አይደለም። እርስዎ ባሳደጓት መንገድም አይደለም። ትኩረቷ ቶሎ ይበተናል፤ ሰውነቷም አርፎ መቀመጥ አይችልም። አንጎሏ እንዲህ ነው የሚሠራው። ብዙ ልጆች አሉ እንደሷ። በዘርም ይመጣል።"

"አባቷም እንዲሁ ነበር አሉ" አለች እንፋሎት።

"ይሆናል። አሁን ምርጫዎቹን ልንገርዎት። የመጀመሪያው ቶሎ የሚሠራ ክኒን ነው፤ ጠዋት ትውጠዋለች፣ ከምሳ በፊት ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሌላ መዋጥ አለባት። የሚሰጣት ሰው አለ?"

እንፋሎት ሃምሳ ሦስቱን ልጆች አሰበች። "የለም።"

"እሺ። ሁለተኛው ያው መድኃኒት ነው፤ ግን ክኒኑ ቀስ እያለ እንዲለቀው ተደርጎ የተሠራ ነው። ጠዋት አንድ፣ በቃ፤ ቀኑን ሙሉ ይይዛታል። ሦስተኛው ሌላ ዓይነት ነው፤ ለአንዳንድ ልጅ ይሻላል፤ ውጤቱ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ ስድስትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም የራሱ ጣጣ አለው። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያስቸግራል፣ ሆድ ያማል። ለዚህ ነው በየጊዜው እየመዘንን የምናያት። ደግሞ ክኒን ብቻውን በቂ አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው በአንዴ የሚያዟት። 'ጫማሽን አድርጊ'። አደረገች? ከዚያ 'ቦርሳሽን አምጪ'። ከፊት ወንበር ትቀመጥ።"

ሁለተኛው ተመረጠ። ዶክተሯ ወረቀቱን እየጻፈች ዋናውን ነገር የተናገረችው ያኔ ነው፤ "እንዳይሰበር፣ እንዳይደቆስ፣ እንዳይታኘክ፤ ሙሉውን በውሃ።" በዚያችው ቅጽበት ፌንጣ ሚዛኑ ላይ ወጥታ፣ ከሚዛኑ ወደ መስኮቱ ደፍ ልትዘል ስትል መጋረጃውን ከነብረቱ ይዛ ወረደች። እናቷ ዘላ ያዘቻት። ብረቱን መለሱ፤ ይቅርታ ተባባሉ፤ ሳቁም። ዶክተሯ ተናግሬያለሁ ብላ ወረቀቱን ሰጠች። እናት ግን ከብረቱ ኳኳታ በቀር የሰማችው አልነበረም። መድኃኒት ቤት የሰጧት ካርቶን ውስጥ ቀጭን ወረቀት ነበር፤ የማታውቀው ቋንቋ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል። እንደነበረ አጥፋ መለሰችው።

ሾፌሩ ከመንገድ ደወለ።

"ልጄን ሊያደነዝዙብኝ ነው?"

"አያደነዝዝም አለች።"

"እኔም እንደሷ ነበርኩ። ታዲያ ምን ሆንኩ?"

አራተኛ ክፍል ቀረህ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ልጅህን የምታያት፤ ይህን ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ኡፍ አለች።

"ሰማሁሽ" አላት። ቆየት ብሎም ድምፁ ወረደ። "እሺ ስጫት። ግን አደራሽን፣ እንዳታበዢባት። ትንሽ ናት።"

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ለማታውቀው ጨርቅ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች። እሳቱን ዝቅ። ከጫፉ። ቢላ አምጥታ ክኒኑን ለሁለት ከፈለችው፤ ጠንካራ ነበርና ተፈናጥሮ ምድጃ ሥር ገባ፤ ለቅማ አወጣችው። ልጅቷም ክኒን መዋጥ አትችልም። ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደቁሳ ከስኳር ጋር በውሃ በጠበጠችው፤ ሌላውን ግማሽ ለነገ በወረቀት ጠቀለለችው። ፌንጣ ጠጥታ ምላሷን አወጣች። "መራራ ነው እማ!" እናት ራሷን ስማ ላከቻት። ጥሩ እናት የሆነች መሰላት። በጥንቃቄ የጀመረች መሰላት።

አሥራ ስድስት ቀን እንዲህ ሰጠቻት።

ቀስ እያለ ሊወጣ የተሠራው ነገር ተደቁሶ አንዴ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ያየችው መምህሯ ናት። ፌንጣ ጠዋት እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ልቧ ከሸሚዟ በላይ እየታየ፣ እንደ ድንጋይ ተደርቃ ትቀመጣለች። ከዕረፍት በኋላ ያ ሁሉ ባንዴ ይለቃታል። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ የነካትን ትመታለች። ቤት ስትመጣም ሳቋ የለም። "ምን ሆንሽ የኔ እናት?" ስትባል "እኔ እንጃ፣ ውስጤ ይሮጣል" አለች አንድ ቀን። እንፋሎት ይህን ስትሰማ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው ብላ አለፈችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፌንጣ ዴስክ ገልብጣ የጓደኛዋ እግር ላይ ጣለችው። የልጅቷ አውራ ጣት ተሰበረ።

ቀጠሮው ደረሰ። ዶክተሯ መምህሯ የሞላችውን ቅጽ አነበበች። "ከበፊቱ ብሶባታል" ይል ነበር፤ ሌላው ሁሉ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። የልጅቷን ልብ አዳመጠች፤ መዘነቻት፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

"እናት፣ እንዴት ነው የሚሰጧት?"

እንፋሎት ያኔ መናገር ትችል ነበር። ግማሹን ብላ ብትናገር ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ዶክተሯ ከቅጹ ቀና ብላ በብዕሯ ጠረጴዛውን መታ መታ ስታደርግ፣ ስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት የቆመች መሰላት። ሐኪም ያዘዘውን የምትቀንሺው አንቺ ማነሽ የምትባል መሰላት። ደግሞም ግማሽ ከሙሉ ያንሳል፤ ያነሰ ነገር እንዴት ይጎዳል?

"እንዳሉኝ ነው" አለች። "ጠዋት ጠዋት።"

"ሙሉውን?"

"አዎ።"

ዶክተሯ አመነቻት። "እንግዲያው አልተስማማትም ማለት ነው። አንዳንዱን ልጅ እንዲህ ያደርገዋል። እናቁመው። ሦስተኛውን እንሞክራለን፤ ግን እንዳልኩዎት ትዕግሥት ይጠይቃል።"

"በሁለት ሳምንት አይደርስም?"

"አይደርስም፣ እናት።"

ስብሰባው ከዚህ ቀጠሮ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር።

አዲሱን መድኃኒት እንደታዘዘችው ሰጠች። ቢላውን አልነካችውም፤ ለምን እንዳልነካችው ግን ራሷን አልጠየቀችም። ፌንጣን መንቀጥቀጡ ተዋት፤ ወደ ድሮዋ ተመለሰች፤ ድሮዋ ደግሞ ያው ድሮዋ ነው። ሦስተኛው መስመር መሃል ላይ ማቆም።

ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ከምድር ቤት ጩኸት ተሰማ። እንፋሎት የካውያውን ገመድ ነቅላ ከሌሎቹ ጋር ወረደች። ሳሙና በሁለት እጁ የሆቴል አንሶላ ዘርግቶ ቆሟል፤ አንሶላው መሃል ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ ቀዳዶች፣ ዳር ዳራቸው ቢጫ። አዲስ የተቀጠረችው ሠራተኛ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች።

"ምን አድርጋ ነው?" አለች እቴቴ።

"የበረኪናውን ክኒን ደቁሳ ከተተችው!"

"ቶሎ እንዲሟሟ ብዬ ነው" አለች ልጅቷ እየተነፋረቀች። "ደግሞ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የከተትኩት።"

"ግማሽ አልሽ ሩብ! አንቺ ልጅ፣ ሙሉውን ጣይው አላልኩሽም? ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው! ስትደቁሺው ባንዴ ይለቀዋል፤ ባንዴ ሲለቀው ይበላዋል! በይ አሁን ይሄን ቀዳዳ ሆቴሉ ወስዶ ይተኛበት!"

አንዳንዶቹ ሳቁ። እንፋሎት አልሳቀችም። ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ። ይህንን ቃል በሌላ ድምፅ ሰምታዋለች፤ ፀጉሯን አጭር ከተቆረጠችው ሴት አፍ። የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች።

"አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ" አለች እቴቴ።

"ምንም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ ይሆናል እንዴ?"

"ሙቀቱ ነው እቴቴ። አይጨነቁ።"

ያን ቀን አንድ ሸሚዝ ሁለቴ ተኮሰች። ወደ ክሊኒኩ ልትሄድ ቦርሳዋን አነሳች፤ ምን ብዬ ነው የምነግራት አለችና አስቀመጠችው። ነገ እሄዳለሁ አለች። ነገ መጣ፤ ፎቁ ሙሉ ጋዋን ተቆልሎ ነበር፤ እሱን ምክንያት አደረገች። እውነቱን ለመናገር ያስቀራት ጋዋኑ አልነበረም።

የርእሰ መምህሩ ቢሮ ጠባብ ነው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የአቧራ ፀጉር ያበቀለ ሉል ተቀምጧል። ርእሰ መምህሩ ባለ መነጽር፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ከአጠገባቸው መምህሯ፣ ከመምህሯ ወዲያ ጣቷ የተሰበረው ልጅ አባት። እንፋሎት በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፌንጣን ኮሪደር ላይ ጠብቂኝ ብላ ትታታለች፤ ሩጫዋ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ወዲያ ሄዶ ወዲህ ይመለሳል።

ርእሰ መምህሩ የመምህሯን ቅጽ ቅጂ አነበቡ። "ከበፊቱ ብሶባታል" የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። "እንግዲህ ይኸው። ሕክምናም ተሞከረ። መድኃኒት ሳይጀመር ቢሆን ኖሮ እንታገስ ነበር። በመድኃኒትም ካልሆነ እኛ ምን እናድርግ? የሌላውም ሰው ልጅ አለ።"

የተጎዳችው ልጅ አባት ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል።

መምህሯ ቀና አለች። "ምናልባት አዲሱ መድኃኒት እስኪሠራ…"

"ስድስት ሳምንት፣ መምህርት? ያኔ ፈተናው አልቋል።" ወደ እንፋሎት ዞሩ። "እርስዎስ? የሚሉት አለ?"

ነበራት። በዓለም ላይ እሷ ብቻ የምታውቀው ነገር ነበራት። የተሞከረው መድኃኒቱ አይደለም፤ መድኃኒቱን እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ይህ የተጻፈው ሁሉ የኔ እጅ ሥራ ነው። አፏን ከፈተች። የሁሉም ዓይን ፊቷ ላይ አረፈ፤ የመነጽሩ፣ የአባትየው፣ የመምህሯ። ምላሷ ሃያ ዓመት ሙሉ ከተማሩ ሰዎች ፊት እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልለመደም።

"የለም" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሩጫው ወዲያ ሄደ፤ ወዲህ ተመለሰ።

ቃለ ጉባኤው ላይ አስፈረሟት። ልጅቷ ለዚህ ዓመት ከትምህርት ቀርታ ቤቷ ትቀመጣለች፤ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ክፍል ትደግማለች፤ "ቦታ ካለ" ይላል መጨረሻው። እንፋሎት ፊርማዋን ስትፈርም እጇ ያንን ቃል ሸፍኖት ነበር፤ ስታነሳው ግን እዚያው ነው።

ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ ልጇን እየጎተተች ክሊኒኩ ሄደች። ቀጠሮ አልነበራትም። ሰው ሁሉ ገብቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። ገባችና ሳትቀመጥ ተናገረች።

"ግማሹን ነበር የምሰጣት። ደቁሼ። እንዳይበዛባት ብዬ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ዶክተሯ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላት ነበር። "ስንት ቀን?"

"አሥራ ስድስት።"

"ደቁሰው ባንዴ?"

"አዎ። በስኳር።"

ዶክተሯ ዓይኗን በእጇ አሸት አሸት አደረገች። "እናቴ" አለች፤ ካሁን በፊት እንዲህ ብላት አታውቅም፤ "ያ ክኒን እኮ የመጨረሻው ዝቅተኛው ነበር። ከሱ በታች የለም። ስለማናውቃት ነው ከዝቅተኛው የጀመርኩት።"

እንፋሎት አሁን ተቀመጠች። እሳቱን ዝቅ ያደረገ ሰው ቀድሞ ነበረ ማለት ነው። ዶክተሯ እቴቴ የምታደርገውን አድርጋ ነበር፤ እሷ ደግሞ በዚያ ላይ ተነሥታ ልጇን በሙሉ እሳት ተኮሰቻት።

"እኔም ጥፋት አለብኝ" አለች ዶክተሯ። "መጋረጃው የወደቀ ጊዜ መድገም ነበረብኝ።"

ሦስተኛውን አቆሙ፤ ወደ ሁለተኛው ተመለሱ። ዶክተሯ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት፤ ሲናገሩም በደግነት ነበር። "በዚያን ዕለት ቢነግሩን ኖሮ እኮ! አሁን ቃለ ጉባኤው ወደ በላይ አካል ሄዷል። ፋይሉ ውስጥ አስቀምጥልዎታለሁ።"

ሾፌሩ ሲደውል ሁሉንም ነገረችው። ከኋላ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። "እንዳታበዢባት ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሱትም።

ፌንጣ መዋጥ የተማረችው በዳቦ ነው። ዶክተሯ እንዳሳየቻቸው እናቷ የዳቦ ልብ እያድቦለቦለች፣ መጀመሪያ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል፣ ቀጥሎ ምስር የምታህል፣ እያሳደገች በውሃ አስዋጠቻት። በአራተኛው ቀን ክኒኑ ሙሉውን ወረደ። "ገባ!" ብላ አፏን ከፍታ አሳየች።

ቤት ብቻዋን የምትተዋት ልጅ ስላልሆነች ላውንደሪ ይዛት መጣች። እቴቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት። "ይቺን ነው እዚህ ካውያ መሃል የምታመጪብኝ?"

"የምተዋት ቦታ የለኝም እቴቴ።"

"ጩኸት አልወድም።"

"አትጮህም።"

የማጣጠፊያው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠቻት። ሳሙና ገና ስትገባ ከሸሚዝ ውስጥ የሚገባውን ካርቶን ሰብስቦ ሰጣት፤ "ፌንጣ፣ ይሄን ሳትበይ ጻፊበት" አላት። የመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛው ሥር የምግብ ዕቃው ምሳው እንዳለ ይመለስ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ግን ልጅቷ ቤት ገብታ ድስቱን ይዛ ትበላለች። ልቧ አይደልቅም። እጇ አይንቀጠቀጥም። ስትስቅም ትስቃለች፤ የበፊቱን ያህል ፎቅ አይወጣም እንጂ ሳቅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ማሽኖቹ በአንድ ጊዜ ቆመው ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ እንፋሎት ከጠረጴዛው ሥር አንድ ድምፅ ሰማች።

ኡፍ።

ካውያውን አቁማ ዝቅ አለች። ፌንጣ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ላዩ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው መስመር ያምራል። ሁለተኛው ያምራል። ሦስተኛው መሃል ላይ አልቆመም። እስከ ታች፣ እስከ ካርቶኑ ጠርዝ፣ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ፊደሎች ቦታ አጥተው ተጨናንቀዋል።

"ጨረስኩ" አለች ልጅቷ።

"አየሁ የኔ ልጅ።"

"ለማን ላሳየው?"

"ለኔ።"

ፌንጣ አሰበች። ንቀት አልነበረውም፤ ያሰበችውን ነው የተናገረችው። "አንቺማ መምህር አይደለሽም።"

"አይደለሁም" አለች እናቷ።

ካርቶኑን ተቀበለቻትና ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዋኖቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ትንሽ ታጥፎ ነበርና በመዳፏ ዘረጋችው። ታች አንዱ ማሽን ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላው። የሚቀጥለውን ጋዋን አነሣች፤ ጨርቁን በደንብ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እሳቱን ዝቅ አድርጋ ከጫፉ ጀመረች።